ሁለተኛው ሞኒተር ለምን ጨለመ? የሊኑክስ ግራፊክስ ድራይቨር በቀላል አማርኛ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም ኮምፒውተር አይቀበልም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣው ወይም ያገለገለ ተብሎ የተገዛው ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ገና የሚሠራ ማሽን መጣል ያንገበግባል። በዚህ ምክንያት ዊንዶውስን የሚተካውን ሊኑክስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክሩ ሰዎች በዙሪያዬ በዝተዋል።

ሲጀመር ሁሉም ነገር ደስ ይላል። ዋይፋዩ ይይዛል፣ ድምፁ ይሰማል፣ ያረጀው ላፕቶፕ ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ሁለተኛ ሞኒተር ይሰካል። ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ብሎ ይጠፋል።

ያኔ እጃችን ወደለመደው ይሄዳል፤ የካርዱ አምራች ድረ ገጽ ገብተን ድራይቨር እናወርዳለን። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። በማግስቱ ኮምፒውተሬ ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ብቻ አሳየኝ። ጥፋቱ የልማድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ትክክለኛው መንገድ ያ ነው። ሊኑክስ ላይ ግን ድራይቨር የሚመጣው በሌላ በር ነው፤ ያንን በር ያወቀ ሰው ከችግሩ አብዛኛውን አለፈው ማለት ነው።

ድራይቨር ምንድን ነው?

ስሙ ሹፌር ቢልም ሥራው አስተርጓሚነት ነው። በኮምፒውተራችን ውስጥ ምስል የሚሥል ግራፊክስ ካርድ የሚባል ክፍል አለ። ካርዱ የራሱ ቋንቋ አለው። ሊኑክስ ደግሞ የራሱ። «ይህን መስኮት እዚህ ጋ ሣል» ሲባል ቃሉን ወደ ካርዱ ቋንቋ የሚቀይረው ድራይቨሩ ነው።

አስተርጓሚው ከሌለ ኮምፒውተሩ ዝም አይልም። ምስሉን በፕሮሰሰሩ ጉልበት እየታገለ ይሥላል። ስክሪኑ ይታያል፣ ግን ቪዲዮ ይንቀራፈፋል፣ ማራገቢያው ይጮሃል፣ የስክሪኑ ጥራት አንድ ቦታ ላይ ተቸክሎ ይቀራል፤ ሁለተኛ ሞኒተርም ብዙ ጊዜ አይታይም። «ስክሪኔ ስለሚታይ ድራይቨሬ ደህና ነው» ማለት አይቻልም።

እንዴት ይታወቃል? ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ክፈቱ። ግራፊክስ በሚለው መስመር ላይ የካርዳችሁ ስም ካለ ጥሩ ነው። «ኤልኤልቪኤምፓይፕ» የሚል እንግዳ ቃል ካያችሁ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። እየሣለ ያለው ፕሮሰሰሩ ነው።

የኔ ካርድ የማን ነው?

ከማንኛውም ሙከራ በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። አምራቾቹ በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ኢንቴል፣ ኤኤምዲ እና ኤንቪዲያ።

ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለቱ የድራይቨራቸውን ኮድ ለሁሉም ክፍት አድርገው ስለሰጡ ድራይቨሩ በራሱ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ይኖራል። ከርነል ማለት የሊኑክስ እምብርት ነው፤ ሌላው ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የቀረውን የሥዕል ሥራ የሚሠራው ሜሳ የሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ነው። እሱም ከኡቡንቱ፣ ከሚንት፣ ከፌዶራ ጋር አብሮ ይመጣል። ስለዚህ የምታወርዱት ነገር የለም። ሲስተማችሁን አፕዴት ማድረግ ይበቃል። ካርዱ በጣም አዲስ ከሆነ ብቻ አዲስ ከርነል ያለው ስሪት ያስፈልጋል።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው ያለምክንያት አይደለም። ኢንቴል ካርድ ያለው ሰው ድራይቨር ፍለጋ ሲንከራተት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የሌለ ነገር ነው የሚፈልገው። የሱ ችግር ያለው ገመዱ ወይም ሴቲንጉ ላይ ነው።

ኤንቪዲያ ለምን ያስቸግራል?

አንድ ግቢ አስቡ። ኢንቴልና ኤኤምዲ በግቢው የሚኖሩ ቤተኞች ናቸው። የቤቱ ቁልፍ ሲቀየር እነሱም አዲሱን ቁልፍ ያኔውኑ ያገኛሉ። የኤንቪዲያ ድራይቨር ግን ውጭ የሚኖር እንግዳ ነው። ሥራውን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ነገር ግን ቁልፉ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ካልተቀረጸለት በር ላይ ይቀራል።

የቁልፉ መቀየር የከርነል አፕዴት ነው። ከርነሉ በተደጋጋሚ ይታደሳል። ከድረ ገጽ ወርዶ በእጅ የተጫነ ድራይቨር የተሠራው ለዚያን ቀኑ ከርነል ነው። ከርነሉ ሲታደስ አብሮ የሚያድሰው ሰው ካልተመደበለት አይገጥምም። ትናንት ሲሠራ የነበረው ኮምፒውተር ዛሬ ጥቁር ስክሪን የሚያሳየው ለዚህ ነው። ከዲስትሮው (ከኡቡንቱ፣ ከሚንት ወይም ከሌላው የሊኑክስ ዓይነታችሁ) መደብር የተጫነ ድራይቨር ግን ከእያንዳንዱ አዲስ ከርነል ጋር ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ወይም ዲኬኤምኤስ የሚባል መሣሪያ እዚያው ማሽናችሁ ላይ እንደገና ይሠራዋል። ቁልፍ ቀራጩ እሱ ነው ማለት ነው።

ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። ኤንቪዲያ ለዓመታት ኮዱን አልከፈተም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ መድረክ ላይ፣ ካሜራ እየቀረጸው፣ ኩባንያውን በጠንካራ ቃል ዘልፎታል። በጎ ፈቃደኞች በበኩላቸው የካርዱን ባሕርይ ከውጭ እያጠኑ ኑቮ የሚባል ክፍት ድራይቨር ሠሩ። ትልቅ ልፋት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ሆኖም ከ900 ተከታታይ ካርዶች (ለምሳሌ ጂቲኤክስ 960) ጀምሮ ካርዱ ራሱ የኤንቪዲያ ፊርማ የሌለበትን የውስጥ ሶፍትዌር አልቀበልም አለ። በዚህ የተነሳ ኑቮ በነዚያ ካርዶች ላይ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ተሳነው። የ900 እና የ1000 ተከታታይ ካርዶች ሲነሱ በነበሩበት ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ ይቀራሉ።

በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ኤንቪዲያ ከርነሉን የሚነካውን የድራይቨሩን ክፍል ከፈተ። ይህ የሚያገለግለው ከቱሪንግ ትውልድ ወዲህ ላሉት ነው፤ ማለትም ለ16ና 20 ተከታታይ ካርዶችና ከዚያ በኋላ ለወጡት። የቀረው የድራይቨር ክፍል አሁንም ዝግ ነው።

ያገለገለ ማሽን ለገዛ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የ900 እና የ1000 ተከታታይ ካርዶችን የሚደግፈው የመጨረሻው የድራይቨር መስመር 580 ነው። ከነሱ የሚያንሱት አብዛኞቹ የ600 እና የ700 ተከታታይ ካርዶች ደግሞ የሚቆሙት 470 ላይ ነው፤ የሱም ድጋፍ በ2024 አብቅቷል። «አዲሱ ቁጥር ይሻላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ አይሠራም። ለካርዳችሁ የሚሆነው ቁጥር ነው የሚሻለው።

ታዲያ እንዴት ልጫነው?

ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚል ፕሮግራም አለ። ሚንት ላይ «ድራይቨር ማኔጀር» ይባላል። ስትከፍቱት ካርዳችሁን ራሱ ያውቀውና የሚስማሙትን ድራይቨሮች ብቻ ይደረድራል። ከጎኑ «ቴስትድ» ወይም «ሪኮሜንድድ» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ። «ሰርቨር» የሚለውን ተዉት፤ እሱ ለትላልቅ የስሌት ማሽኖች ነው። «ኦፕን» የሚለው ከላይ ያልኳችሁ ከቱሪንግ ወዲህ ላሉት ካርዶች የሚሆነው ነው። ምርጫውን አጽድቁ፣ እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ሪስታርት አድርጉ። ፌዶራ ላይ መጀመሪያ አርፒኤም ፊውዥን የሚባለውን ተጨማሪ መደብር ማስገባት ያስፈልጋል። ፖፕ ኦኤስ ደግሞ ኤንቪዲያ ላላቸው ድራይቨሩን ከነጭራሹ አካቶ የተዘጋጀ ፋይል ያቀርባል።

ሁለት ነገር አስቀድማችሁ አስቡ። ማውረዱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል፤ ስለዚህ የሞባይል ጥቅል ላይ ሆናችሁ አትጀምሩ። ሁለተኛው መብራት ነው። መጫኑ መሃል ላይ እያለ መብራት ከሄደ ድራይቨሩ ግማሹ ገብቶ ግማሹ ይቀራል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌላችሁ መብራት የማይቆራረጥበትን ሰዓት ምረጡ። ቢደርስባችሁም መፍትሔ አለው፤ መጨረሻው ላይ እመጣበታለሁ።

ያ ሰማያዊ ስክሪን ምንድን ነው? ፓስዎርድስ ለምን ይጠይቀኛል?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስለዚህ ቀስ እንበል።

ብዙዎቹ የቅርብ ዓመታት ኮምፒውተሮች ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አላቸው። የግቢው ዘበኛ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ፊርማው የማይታወቅ ነገር ወደ ከርነሉ እንዳይገባ ይከለክላል። እዚያው ማሽናችሁ ላይ የተሠራ ድራይቨር ደግሞ የሚፈረመው በእናንተ ማሽን ቁልፍ ነው። ዘበኛው ያንን ፊርማ አያውቀውም። ባለቤቱ በር ድረስ ወጥቶ «ይሄ የኔ እንግዳ ነው፣ አስገባው» ማለት አለበት።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ድራይቨሩ ሲጫን አንድ ጊዜያዊ ፓስዎርድ አውጡ ትባላላችሁ። ከዚያ ሪስታርት ስታደርጉ ሊኑክስ ከመነሳቱ በፊት ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። «ኤንሮል ሞክ» የሚለውን መርጣችሁ፣ «ኮንቲንዩ» እና «የስ» ብላችሁ፣ ያንን ፓስዎርድ ታስገባላችሁ። አለቀ። ዘበኛው ከዚህ በኋላ ፊርማውን ያውቀዋል።

ሰማያዊው ገጽ ግን አይለምንም። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልነካችሁ ያልፋል፣ ድራይቨሩም ተጭኖ ሳለ ከበር ውጭ ይቀራል። ብዙ ሰው ስህተት የተፈጠረ መስሎት ደንግጦ ማሽኑን ያጠፋዋል። «ጭኜው አልሠራ አለ» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የተሰናከሉት እዚህች ጋ ነው። ካመለጣችሁ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ደግማችሁ ጫኑት፤ ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። ሴኪዩር ቡትን ከባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከሚከፈተው መሠረታዊ ሴቲንግ) ማጥፋትም ይቻላል። እኔ ግን ዘበኛውን ከማባረር እንግዳውን ማስተዋወቅ ይሻላል እላለሁ።

ድራይቨሩ ገብቷል፤ ሞኒተሩ ለምን አሁንም ጨለማ ሆነ?

አሁን ከድራይቨር ወጥተን ወደ ገመድ እንሂድ። መጀመሪያ ቀላሉን። ዴስክቶፕ ላይ ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ ካለ ሞኒተሩ መሰካት ያለበት እሱ ላይ ነው። ከላይ በኩል፣ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው ሶኬት የማዘርቦርዱ ነው። አንዱን ሞኒተር እዚህ፣ አንዱን እዚያ ሰክቶ መሰቃየት የተለመደ ነው። ሞኒተሩም ራሱ የትኛውን ሶኬት እንደሚያይ በቁልፉ መመረጥ አለበት።

ላፕቶፕ ላይ ነገሩ ተደብቋል። ኤንቪዲያ ያላቸው ብዙ ላፕቶፖች በውስጣቸው ሁለት ካርድ አላቸው። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲው ባትሪ ለመቆጠብ፣ ኤንቪዲያው ለከባድ ሥራ። የላፕቶፑን የራሱን ስክሪን የሚነዳው ብዙ ጊዜ ቆጣቢው ነው። የኤችዲኤምአይ ሶኬቱ ግን በብዙዎቹ ላይ በቀጥታ የተያያዘው ከኤንቪዲያው ጋር ነው። የላፕቶፑ ስክሪን እያማረበት ውጫዊው ሞኒተር የሚጨልመው ለዚህ ነው። ድራይቨሩ ካልተነሳ ያ ሶኬት የሞተ ያህል ነው።

ድራይቨሩ ኖሮም ሊጨልም ይችላል። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ኤንቪዲያ ሴቲንግስ የሚባለውን ክፈቱ፤ ፕራይም ፕሮፋይልስ በሚለው ስር ሦስት ምርጫ ታያላችሁ። «ኢንቴል» የሚለው ከተመረጠ ኤንቪዲያው ተኝቷል፣ ሶኬቱም አብሮት ተኝቷል። «ኦን ዲማንድ» አድርጉት፤ ከዚያ ሪስታርት።

ሌላም አለ። ሊኑክስን ስትጭኑ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖባችሁ «ሴፍ ግራፊክስ» የሚለውን መርጣችሁ ነበር? ያ ምርጫ ኖሞድሴት የሚባል ቃል ለከርነሉ ይነግረዋል። ትርጉሙ «ካርዱን አትንካው፣ ባለህ ምስል ቀጥል» ነው። ለመጫን ይጠቅማል፤ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ግን ከቀረ አስተርጓሚውን አፉን አስይዞታል ማለት ነው። ግራብ በሚባለው የሊኑክስ ማስነሻ ፋይል ውስጥ ካገኛችሁት አውጡት።

ገመዱ ራሱ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ሞኒተር ሲሰካ መጀመሪያ ራሱን ያስተዋውቃል። ማን እንደሠራው፣ ስንት በስንት እንደሆነ፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚያድስ የያዘች አጭር መረጃ ይልካል። ኢዲአይዲ ትባላለች፤ መሠረታዊ መጠኗ 128 ባይት ብቻ ነው። አሮጌ የቪጂኤ ገመድና ርካሽ መቀየሪያ ይህችን ሰላምታ መንገድ ላይ ይጥላታል። ያኔ ሊኑክስ ሞኒተሩን ስለማያውቀው ገምቶ 1024 በ768 ላይ ያስቀምጠዋል። ምስሉ የተለጠጠና የደበዘዘ ይሆናል። ድራይቨር ከመቀየር በፊት ገመድ ቀይራችሁ እዩ።

ባለ 4ኬ ሞኒተር ላይ አይጡ እየተጎተተ የሚሄድ ከመሰላችሁ ኤችዲኤምአዩ 1.4 ሊሆን ይችላል። እሱ 4ኬን የሚያደርሰው በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው። 2.0 ግን 60 ያደርሳል። ከተቻለ ዲስፕሌይፖርት ተጠቀሙ። ኤኤምዲ ላላቸው ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ፤ በ2024 ኤኤምዲ ኤችዲኤምአይ 2.1ን በክፍት ድራይቨሩ ለማስገባት ያቀረበውን ሐሳብ የኤችዲኤምአይ ፎረም ሳይቀበለው ቀርቷል።

ዩኤስቢ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም። አንዳንዱ ለቻርጅና ለፋይል ብቻ ነው። ሶኬቱ አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት ካለ ተስፋ አለው። «ዲስፕሌይሊንክ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ዶክ ስቴሽኖች (ለላፕቶፕ ተጨማሪ ሶኬት የሚሰጡ ሳጥኖች) ደግሞ የራሳቸው የተለየ ድራይቨር ይፈልጋሉ።

የሞኒተር ቁጥርም ገደብ አለው። ከኢንቴል 3ኛው ትውልድ በፊት ሁለት ስክሪን ብቻ ነበር የሚቻለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ባሉት በጥቅሉ ሦስት ይቻላል። የላፕቶፑ የራሱ ስክሪንም ይቆጠራል።

ሁለቱም በሩ፤ አሁን እንዴት ላስማማቸው?

ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈቱ። ሞኒተሮቹ እንደ ሁለት ሳጥን ይታያሉ። በአይጥ ጎትታችሁ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳሉት አስቀምጧቸው። ግራ ያለው ግራ፣ ከፍ ያለው ከፍ። አይጡ የሚያልፈው ሳጥኖቹ በሚነካኩበት ጠርዝ ብቻ ስለሆነ «አይጤ አልሻገር አለ» የሚለው ችግር እዚህ ያልቃል። «ጆይን» ሁለቱን አንድ ሰፊ ቦታ ያደርጋቸዋል፤ «ሚረር» አንዱን በሌላው ይደግማል።

ከበድ የሚለው የፊደል መጠን ነው። የላፕቶፑ ስክሪን ትንሽ ግን ጥራቱ ከፍተኛ፣ ውጫዊው ትልቅ ግን ጥራቱ መካከለኛ ሲሆን በአንዱ ፊደሉ የጉንዳን ያህል፣ በሌላው የበር ላይ ጽሑፍ ያህል ይሆናል። ይህ የሚመጣው ስክሪኑን ከሚያስተዳድረው ሥርዓት ነው። የድሮው ኤክስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ነው የተጀመረው። ሞኒተሮችን ሁሉ እንደ አንድ ጋቢ ሰፍቶ ነው የሚያያቸው፤ ስለዚህ ለሁሉም አንድ ልክ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ግን እንደ ልብስ ሰፊ እያንዳንዱን ለብቻው ይለካል። ለአንዱ 200 በመቶ፣ ለሌላው 100 በመቶ መስጠት ይቻላል። የማደሻ ፍጥነታቸውም ቢለያይ አንዱ ሌላውን አይጎትትም።

የትኛው ላይ እንዳላችሁ ያው ስለ ኮምፒውተሩ በሚናገረው ገጽ ላይ ተጽፏል። ለመቀየር ፓስዎርድ ከማስገባታችሁ በፊት በስተቀኝ ታች ያለችውን ባለጥርስ ጎማ የምትመስል ምልክት ተጫኑ። ኤንቪዲያ ከዌይላንድ ጋር ለረጅም ጊዜ አልተስማማም ነበር፤ ምስሉ ይብለጨለጭ ነበር። በ2024 የወጣው 555 ድራይቨር ይህን በጣም አሻሽሎታል። ስለዚህ ከዚያ በታች ያላችሁ ኤክስ ላይ ብትቆዩ ይሻላችኋል፤ ሌሎቻችሁ ዌይላንድን ሞክሩ። ከኡቡንቱ 25.10 ጀምሮ በዋናው ኡቡንቱ የኤክስ ምርጫ ጭራሽ ተነስቷል።

ከአፕዴት በኋላ ወይም መብራት ሄዶ ስክሪኑ ጥቁር ቢሆንስ?

ፋይላችሁ አልጠፋም። ሊኑክሱን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ።

ማሽኑ ሲነሳ ኢስኬፕ ቁልፍን ነካ ነካ አድርጉ፤ በአሮጌ ማሽኖች ላይ ሺፍትን ተጭናችሁ ያዙ። የግራብ ዝርዝር ይመጣል። «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ስትገቡ የቀድሞዎቹ ከርነሎች አሉ። ከላይኛው ቀጥሎ ያለውን ምረጡ። ችግሩ ድራይቨሩ ከአዲሱ ከርነል ጋር አለመግጠሙ ከሆነ በአሮጌው ይነሳል። እዚያ ገብታችሁ ድራይቨሩን ከአዲሽናል ድራይቨርስ አውጥታችሁ መልሳችሁ ትጭናላችሁ።

መብራት አቋርጦት ከሆነ እዚያው ዝርዝር ላይ «ሪከቨሪ ሞድ» የሚለውን ምረጡ። በሚመጣው ገጽ ላይ «ዲፒኬጂ» የሚል መስመር አለ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረውን ጭነት አንሥቶ ይጨርሰዋል። የጎደለ ፋይል ካለ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ፣ ካላችሁ ኮምፒውተሩን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙት። ሲጨርስ «ሪዙም» ብላችሁ ውጡ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርጉ። ሁለተኛውን ሞኒተር መልሳችሁ የምትሰኩት የመጀመሪያው ስክሪን በትክክል ከበራ በኋላ ነው።